መርዶ ወግ አለው፦ ለመገናኛ ብዙኃን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመገናኛ ብዙኃን የሥራ ኃላፊዎችና ዋና አዘጋጆች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ያረፉ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችንና ሌሎች የሕዝብ ሰዎችን ሞት ስለምትነግሩበትና ስለምትዘክሩበት መንገድ የቀረበ አቤቱታ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና አዘጋጆች፣

እኔ በቲያትር ቤት መድረክ አስተዳዳሪ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ያልቀጠረኝን አንድ ሥራ ይዣለሁ፤ የሙያ ባልደረባ ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን እጽፋለሁ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደም በቀብሩ ላይ አነባለሁ። እንዲህ የምንሠራ አምስት ነን። ሁለቱ ተዋንያን ነበሩ፤ ሌላው ክላርኔት ይነፋ ነበር፤ አንዷ በአልባሳት ክፍል ዕድሜዋን የጨረሰች ናት። ደመወዝም ማኅተምም የለንም። የቀብር አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ስልካችን ይጠራል፤ መነጽራችንን ይዘን እንሄዳለን።

ለመጻፍ ያስገደደን ባለፈው ክረምት የሆነው ነው። ትራምፔት ተጫዋች የነበረ ወዳጃችን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጣቢያ «ሰበር ዜና» ብሎ ሞቱን አወጀ። ከዜናው ጋር የወጣው ፎቶግራፍ ግን የሟቹ አልነበረም። ከእሱ ጋር ሃያ ዓመት አብሮ የተጫወተ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ የሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ይህ ሰው በዚያ ሰዓት ኪዳን አስደርሶ ተመልሶ ቁርሱን እየበላ ነው። ልጁ ውጭ አገር ናት። ዜናውን አይታ ስትደውል ለአባቷ አልደወለችም፤ የሞተ ሰው ስልክ አያነሳምና ለጎረቤት ደወለች። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ስትመጣ በሩን የከፈተላት ሟች የተባለው ሰው ራሱ ነው። እሱ ይህን ሲያወራ ይስቃል። ልጁ ግን እስካሁን ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ታለቅሳለች አሉ።

የእውነተኛው ሟች ባለቤት ደግሞ ገና አልተነገራትም ነበር። ልጆቿ፣ የንስሐ አባቷና ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች አንድ ሰዓት ላይ ተገናኝተው አብረው ሊገቡ ተቀጣጥረው ነበር። የስኳር በሽታ ስላለባት መድኃኒቷን ወስዳ ቁርስ እስክትቀምስ እንጠብቅ ብለው ነው። ስልኳ ቀደማቸው። ሲደርሱ ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኟት።

ፎቶግራፉ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተቀየረ። «ተሳስተናል» የሚል ቃል ግን አልወጣም። ሄደን ስናመለክት የተሰጠን መልስ «ተስተካክሏል እኮ አባቴ» የሚል ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ መርዶ ወግ አለው። ማለዳ ነው የሚሄደው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ ልበ ደካማ ሰው መኖሩ ይጠየቃል፤ ውኃ ይቀርባል፤ ከሚሄዱት መካከል ቃሉን የሚያወጣው ሰው ይመረጣል። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን እንኳን ይህን አልተዉም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሰው አባቱ ሲያርፍ ከዚህ የሚደወለው ለእሱ አይደለም፤ ለጓደኞቹ ነው። እነሱ ተጠራርተው ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሰውየው የጫማውን ብዛት ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። እናንተ ደግሞ ብቻውን በሆነበት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ወጥ ቤት፣ እጁ ላይ ባለ መስተዋት ትነግሩታላችሁ። መርዶ ነጋሪነቱን ፈልጋችሁም ይሁን ሳትፈልጉ ወስዳችሁታል፤ ወጉን ግን አብራችሁ አልወሰዳችሁም። የመጀመሪያው አቤቱታችን ይህ ነው። በቁማቸው የሞቱ አንጋፋ አርቲስቶች ስንት እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ። «አለሁ፣ አልሞትኩም» ለማለት ካሜራ ፊት መቀመጥ በዚያ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ግን የሚያውቀው የተቀመጠው ነው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። አንድ ጊዜ በአንድ ተወዛዋዥ ቀብር ላይ «የሦስት ልጆች አባት ነበር» ብዬ ሳነብ ከኋላ «አምስት!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳቸውን ሁለቱን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሁሉም ሰው እኔን አየ። እጄ ላይ የነበረችውን ወረቀት በእስክሪብቶ አርሜ «የአምስት ልጆች አባት ነበር» ብዬ ደግሜ አነበብኩ። እናንተን የምንጠይቃችሁ ይህችኑ ነው፤ ስሕተቱ በተነገረበት ቦታ፣ በዚያው ድምፅ ይታረም።

ሁለተኛው የዓመተ ምሕረት ነገር ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንውሰድ። የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1923 መሆኑ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 2023። ልደቱን ከኛው፣ ዕረፍቱን ከፈረንጁ ያነሳ ዘጋቢ የ107 ዓመት እናት ያደርጋቸዋል፤ ገልብጦ ያነሳው ደግሞ በ92 ዓመታቸው ይቀብራቸዋል። እሳቸው 99 ዓመት ኖረዋል። ከውጭ ድረ ገጽ እየቀዳችሁ ስትተረጉሙ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ምልክት ስለምትጥሏት የቤተሰብ ልጆች ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲቀይሩ የአያታቸው ዕድሜ ሲወጣና ሲወርድ ያያሉ።

የእማሆይን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። የውጭ ጋዜጦች ሰፊ ዐምድ ሰጥተዋቸዋል። እኔ ከኛ ሰዎች የሰማሁት ግን «ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት» የሚል አንድ ሐረግና ከበስተኋላው የገባ ዜማ ነው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ መማራቸው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ጣሊያን አገር ወዳለው አዚናራ ደሴት መጋዛቸው፣ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ሙዚቀኛ ከኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ መማራቸው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ግሸን ማርያም ወጥተው መመንኮሳቸው፣ ከሙዚቃቸው የሚገኘውን ገንዘብ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማዋላቸው የት ሄደ? ይህን ለመናገር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለእግር ኳስ ዝውውር ከዚያ በላይ ትሰጣላችሁ።

ሦስተኛው የማን ሞት እንደሚነገርና እንዴት እንደሚነገር ነው። በዚህ ላይ ብዙ አለኝ፤ ታገሡኝ።

ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። አገር ቆመ፤ በብሔራዊ ደረጃ ተሸኘ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የሚገባው ነው፤ ማንም ቅር አላለውም። ከጥላሁን ኋላ ቆመው በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የነፉት፣ የመቱት፣ ዜማ የቀመሩት ሰዎች ግን አንድ በአንድ ሲሄዱ እኛ አምስታችን፣ ቤተሰብና ዕድር ነን የሸኘናቸው። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ የሆላንድ ሙዚቀኞች አብረውት ዓለም ዞረው ስለነበር የሚያለቅሱለት ባዕዳን ነበሩት። ባዕድ ያላወቀው ነፊ ማን አለው?

የ2013 ዓ.ም.ን ብቻ እንመልከት። በመስከረም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሄዱ። በዚያው ዓመት የቲያትሩ ሰው ተስፋዬ ገሠሠ፤ በሚያዝያ አምኃ እሸቴ፤ በሰኔ መጨረሻ የዕጓለ ማውታ እናት አበበች ጎበና፤ በነሐሴ ዓለማየሁ እሸቴ ተከታተሉ። ፕሮፌሰር መስፍን የረሃብን ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ የመልክዓ ምድር መምህር መሆናቸው በፖለቲካው ጫጫታ ተዋጠ። ዓለማየሁን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ብላችሁ ሸኛችሁት። ያገራችን ሰው በሞተበት ቀን እንኳን በሌላ ሰው ስም መጠራቱ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የፖሊስ ኦርኬስትራ ያፈራው ዓለማየሁ እሸቴ ነው፣ በቃ።

አምኃ እሸቴን ደግሞ ስንቶቻችሁ እንደነገራችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። በዚያን ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአንድ ተቋም ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ ያልጨረሰ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሆኖ ያንን እገዳ ጥሶ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የራሱን ሸክላ አሳተመ። የመጀመሪያው ሸክላ የማን ነበር? የዓለማየሁ እሸቴ። ሁለቱ በአራት ወር ልዩነት ሞቱ፤ አንደኛው ባይኖር ሌላኛውን በሸክላ አንሰማውም ነበር። እንዲህ ያለውን ታሪክ ጋዜጠኛ ቢያገኘው ይጸልያል ብዬ አስብ ነበር። የሁለቱን ስም አንድ ላይ ያነሳ ዘገባ በበኩሌ አልሰማሁም።

ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍም እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ የዘፈነ ሰው ነው። በአማርኛ ጣቢያዎች ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋገሙ የሰማኋቸው ያው ሁለት ሦስት ዘፈኖች ናቸው። ትርጉማቸውን የሚነግረንም አልተጋበዘም። የሚሸኘውን ሰው ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ስቱዲዮ ማስገባት ከባድ ነው?

አራተኛው ፎቶግራፍ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጣዬን መደበቅ አልችልም።

በሠልስት ማግስት ጋዜጠኛ ይመጣል። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ንፍሮ ሲሰጡት ይቀበላል። ከዚያ «ለዘገባው አንድ የወጣትነት ፎቶ ቢኖራችሁ» ይላል። ቤተሰብ ያለው አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ። ያወርዱለታል። «ቀድተን ነገ እንመልሳለን» ብሎ ይሄዳል። ነገ አይመጣም። ጣቢያው ሲደወልለት ልጁ ሥራ ለቋል። ከሰባት ወር በፊት ሄጄ ያየሁት ቤት ውስጥ ፎቶግራፉ የነበረበት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ይልቅ የነጣ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ምስማሩም እዚያው አለ። መበለቲቱ ሌላ ነገር እንዲሰቀልበት አትፈቅድም። «ይመለሳል» ትላለች። እኔ በቁጥር የማውቃቸው እንዲህ ያሉ ምስማሮች አራት ናቸው። ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት ዘመን ፎቶግራፉን ከግድግዳው ሳያወርዱ ማንሳት ይቻል ነበር።

የተወሰደው ፎቶግራፍ ጣቢያው ሲደርስ ምን እንደሚሆን የማውቀው የክሩን፣ ማለትም ምስልና ድምፅ የሚቀዳበትን የቴፕ ክር፣ ታሪክ ስለማውቅ ነው። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ብዙው ነገር በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ የተላለፈው ሲያልቅ አለቀ። ክር ከመጣ በኋላም ክር ውድ ነበርና በአንዱ ላይ ሌላው ይቀዳ ነበር። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ «ልጆች» እያሉ ከፊታችን ተቀመጡ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሳምንቱን ሙሉ የተመላለሰችው ጥቂት ደቂቃ ናት። የድሮውን ችግር ለዛሬዎቹ ኃላፊዎች አልቆጥርም። ነገር ግን ዛሬ ክር አይገዛም፤ ዛሬም የሚጠፋው ለምንድን ነው? ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበበት ክር ስላልተደመሰሰ ግን ወጋየሁን በዓይኑ ያላየ ልጅ ጉዱ ካሳን በእሱ ድምፅ ያውቃል። አንድ የክር ቤት ሠራተኛ መደርደሪያ ላይ ትቶት ይሆናል። ያ ሠራተኛ ማን እንደነበረ ባውቅ የሕይወት ታሪኩን በነጻ እጽፍለት ነበር፤ ለነገሩ ለሁሉም በነጻ ነው የምጽፈው።

አምስተኛው ሕመም ነው። ተዋናዩ ፍቃዱ ተክለ ማርያም ኩላሊቱን ሲታመም ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ግን አጣነው። በዚያ ጊዜ የተባበሩትን ጣቢያዎች አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ለምስጋና አልተጻፈም። የምለው ፍቃዱ ስለነበር ነው የተባበራችሁት ነው። እኛ ለአንድ የመብራት ባለሙያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአንድ ፕሮግራም ላይ ለሠላሳ ሰከንድ እንዲታይ ስድስት ሳምንት ደጅ ጠንተናል። «ታዋቂ ነው?» ተባልን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታዋቂዎቹ ላይ ብርሃን ያሳረፈ ሰው ነው አልን። ሊያስቡበት ተነጋገርን። ሰውየው ሲሞት ያው ፕሮግራም ደውሎ «ከስንት ታዋቂ ተዋንያን ጋር ሠርቷል?» ብሎ ጠየቀን። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አልጠይቅም።

ስድስተኛው ስለ ሽኝቱ ነው። አስከሬኑ ወደ አዳራሽ ይመጣል፤ አበባ ይቀመጣል፤ መርሐ ግብር ይወጣል። እኛ ሌሊቱን ሙሉ አራት ገጽ ጽፈናል። እህቱን ስለ ልጅነቱ፣ የቀድሞ ባልደረባውን ስለ መጀመሪያ ደመወዙ ጠይቀናል፤ በስንተኛው ሙከራ መድረክ ላይ እንደወጣ አጣርተናል። ጠዋት መርሐ ግብር መሪው «የቀጥታ ሥርጭት ስለሆነ ሦስት ደቂቃ» ይለኛል። ከእኔ በፊት አምስት ሰው ይናገራል። ከአምስቱ ሟቹን በአካል የሚያውቀው አንድ ነው፤ እሱም አጭሩን የተናገረው ነው። አንድ ጊዜ የሟቹን የአባት ስም ሁለት ጊዜ አሳስቶ የጠራ ተናጋሪ ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ሲተላለፍ፣ እኔ ማንበብ ስጀምር ምስሉ ጥቁር መነጽር ወዳደረጉ እንግዶች ዞረ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። የቢራ ማስታወቂያ ነበር። ሟቹ በጉበት ሕመም ነው የሞተው።

ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቀብሩ በዕለቱ ይፈጸማል፤ አዳራሽ የለም፤ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ የለም። ስለዚህ ካሜራው ሲደርስ ሁሉ አልቋል፤ ዘገባውም በሁለት መስመር ይቀራል። ካሜራ ቀብር ላይ ካልደረሰ ሰውየው አልኖረም ማለት ነው? ቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ መጠየቅ በማንኛውም ሃይማኖት አልተከለከለም።

ሰባተኛው፣ ሟቹ ስለራሱ የተናገረው ቃል ይከበር የሚል ነው። ሙሉቀን መለሰ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ከብዙ ዓመታት በፊት ዓለማዊ ዘፈንን ትቶ ወደ መዝሙር ሄዶ ነበር፤ ይህም የታወቀ ነው። ዜናው በተነገረ ዕለት የጀመረው የዘፈኖቹ ጎርፍ ግን ሳምንት ሙሉ አላባራም። እኔ ዘፈኖቹን እወዳቸዋለሁ፣ ቤቴም አዳምጣቸዋለሁ። አታጫውቱ አልልም። ነገር ግን የሰውየው ሕይወት ሁለተኛ ክፍል ነበረው፤ ያንን ክፍል የመረጠው ደግሞ እሱ ነው። እሱን ሳያነሱ ማለፍ ግማሽ ሰው መቅበር ነው።

ስምንተኛው በአጭሩ፤ ገንዘብ። ሟቹን ለመዘከር ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ሥራውን ታጫውታላችሁ፤ በመካከሉ ማስታወቂያ ትሸጣላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ እንደሆነ ይደነግጋል። ኤልያስ መልካ ስለዚህ መብት እየተሟገተ ኖሮ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ፤ ባረፈ ማግስት ያቀናበራቸው ሥራዎች በየጣቢያው ሲደመጡ ዋሉ። ክፍያ የተፈጸመላቸው ካሉ ደስ ይለኛል። እኛ ሄደን ለቅሶ ከደረስንባቸው ቤቶች ከመገናኛ ብዙኃን የሮያሊቲ ክፍያ ደርሶናል ያለን አንድም ቤተሰብ የለም።

እንግዲህ ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው።

ሞት ስትዘግቡ አስቀድማችሁ ከቤተሰብ ወይም ከአስተባባሪ ኮሚቴ አንድ ሰው አነጋግሩ፤ ቤተሰቡ መርዶ ተነግሮ እስኪያበቃ ጠብቁን ካለ ጠብቁ። ከሌላ ጣቢያ በሁለት ሰዓት ብትዘገዩ የሚጎዳ ተመልካች የለም።

ፎቶግራፍ ከማውጣታችሁ በፊት ሟቹን በዓይኑ ለሚያውቅ አንድ ሰው አሳዩ። ስሕተት ካለ ስሕተቱ በተነገረበት ሰዓትና ቦታ በግልጽ አርሙ፤ ባለፈው ክረምት በሕይወት እያለ ሟች የተባለው ባልደረባችንና የሟቹ ባለቤት እስካሁን ይቅርታ አልተጠየቁም፤ ይጠየቁ።

የልደትና የዕረፍት ዓመት በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ።

ከለቅሶ ቤት ምንም ነገር ይዛችሁ አትውጡ። የያዛችሁትን ፈልጋችሁ መልሱ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ ብትቸገሩ እኛ እናግዛለን፤ አብዛኞቹን ፊቶች እናውቃቸዋለን።

በሽኝት ቀጥታ ሥርጭት ላይ የሕይወት ታሪኩ ሳይቆረጥ ይተላለፍ። አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ አትጥፉ፤ እኛ ዘንድ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በአርባው ቀን፣ ጥድፊያው ሲበርድ፣ የመጀመሪያው ዕለት ያሳሳታችሁትን ያረመና ያጎደላችሁትን የሞላ አንድ ፕሮግራም ሥሩ። ቤተሰብ በዚያን ጊዜ መናገር ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን አይችልም።

ያለፉትን ብቻ ሳይሆን ያሉትንም ቅረጹ። የነፊዎች፣ የመብራት ሠራተኞች፣ የአልባሳት ሰፊዎች ስም ዝርዝር በእጃችን አለ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ናቸው፤ ቤታቸውን እናሳያችኋለን። አንዳንዶቹ ዘንድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል።

የሥራዎቹን ክፍያ ለወራሾች ፈጽሙ፤ መረጃውንም ለሚመለከተው የመብት ማኅበር አስታውቁ።

በመጨረሻም አንድ የተለየ ልመና። ከላይ ያነሳሁት ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ፒያሳ በነበረ ፎቶ ቤት የተነሳ። ወጣቱ ነጭ ኮት ለብሷል፣ ትራምቦኑን በግራ እጁ ይዟል፣ የቀኝ ጫማው ማሰሪያ ተፈትቷል። ከጀርባው በቀይ ቀለም «ለእናቴ ማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበታል። በየትኛውም ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ካገኛችሁት ማን እንደወሰደው አንጠይቅም። ደውሉልንና መጥተን እንወስዳለን፤ ምስማሩ እስካሁን ቦታው ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ የመድረክ አስተዳዳሪ፣
በቀብር አስተባባሪ ኮሚቴዎች የሕይወት ታሪክ ጸሐፊና አንባቢ
(ስለ አምስታችንም)

ግልባጭ፦
ለኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የሙያ ማኅበራት
ለቲያትር ቤቶች የሥራ ኃላፊዎች
ለሟች ቤተሰቦች